አሸዋ አጣቢው ጋሼ እንዳለው

ጋሼ እንዳለው ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ወደ ሽንፋ ከተዛወርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ እዚያ ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። አንድ ጠዋት ብቅ ሲል የሦስት ቀን መልእክት አንድ ላይ ተንጋግቶ ገባ። ከመሀሉ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ማሬ የላከችው አንድ መስመር ነበር፤ «ጋሼ እንዳለው አረፉ፣ ትናንት ቀበርናቸው» ይላል። አላለቀስኩም። እኔ ነርስ ነኝ፤ በዚህ አገር ነርስ ሆኖ ለሰማው ሞት ሁሉ የሚያለቅስ ሰው ዕንባውን ከየት ያመጣዋል? ተነሥቼ እሳቸው ወደሚኖሩባት ከተማ፣ ወደ ገንዳ ውሃ የሚሄድ መኪና መኖሩን ጠየቅሁ። መንገድ ተዘግቷል አሉኝ። በማግስቱም ተዘግቷል አሉኝ።

በመጨረሻ ስደርስ ለቅሶው ሊነሣ ነበር፤ ድንኳኑ ግማሹ ተነቅሏል። አቧራ ለብሼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ግቢው ውስጥ ስገባ አንዲት የማላውቃት ሴት እኔ ከሄድኩ ወዲህ በረንዳው ላይ ከተሰቀሉት የተክል ጣሳዎች ሥር ቆማ በጆግ ውኃ ታንቆረቁራለች። «ምስኪኖች፣ ባለቤታቸው ሞቶባቸው በጥም ሊያልቁ» ትላለች። ጆጉን ከእጇ ነጠቅኳት። ገና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እንኳ ሳልል ማን አጠጪ አለሽ፣ ልትገድያቸው ነው ወይ ብዬ ለቅሶ ቤት ውስጥ ጮኽኩባት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንድ ሽማግሌ «ሐዘን ነው፣ ተዋት» አሉ። ሴትዮዋ ደንግጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፤ በኋላ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ሴትዮዋ ምን አጠፋች? እኔም ያንኑ ስሕተት ሠርቼዋለሁ፤ ያውም እዚያው ቤት፣ ያውም ከእሷ በባሰ። ለዚህ ነው ጋሼ እንዳለውን ላነሣ በተነሣሁ ቁጥር ነገሩ ከአፈር የሚጀምርብኝ።

ጋሼ እንዳለው ዕድሜያቸውን የፈጁት ትራክተር ላይ ነው። ከኮኪት እስከ ደለሎ የባለሀብቶችን የሰሊጥ መሬት ሲያርሱ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ወርደው ገንዳ ውሃ ተቀመጡ። አጭር፣ መዳፋቸው ሰፊ፣ ጣታቸው በግራሶ የጠቆረ ሰው ነበሩ፤ ከሥራው ከወጡ ከስንት ዓመት በኋላም ያ ጥቁረት ከጥፍራቸው ሥር አልለቀቀም። የሞተሩ ጩኸት አንድ ጆሯቸውን አደንቁሮታል። በደህናው ጆሯቸው ግን አፈር ያዳምጣሉ። ቆንጥረው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል እያሹ ጆሯቸው ሥር ያደርጉታል። ይህ ይንሿሿል፣ ይህ ዝም ይላል ይሉኛል። የሚንሿሿው አሸዋ ያለበት ነው፤ ዝም የሚለው ዋልካ ነው፣ የእኛ የቆላው ጥቁር አፈር።

ዋልካን እኔን ጠይቁኝ ይሉ ነበር። በግንቦት ተሰነጣጥቆ የሰው እግር ይውጣል፤ በሐምሌ ላቁጦ ትራክተር ይውጣል። አንድ ክረምት ትራክተራቸው ማሳ መሀል ተቀርቅሮ፣ ሰው ቢጎትት፣ ሌላ ትራክተር ቢጎትት አልወጣ ብሎ፣ እስከ መስከረም እዚያው ከርሟል። ያንን ሲያወሩ አይስቁም። «ከያዘ አይለቅም» ይላሉ። እኔ ደግሞ የዚያ አፈር ልጅ ነኝ። አባቴ ከደጋ ወርዶ፣ ወባ በልቶት፣ ሁለት ልጅ ቀብሮ ያቀናው መሬት ነው። ስለዚህ እንዲህ ሲሉ ደስ አይለኝም ነበር።

የተዋወቅነው በባለቤታቸው በእትዬ ጥሩ ምክንያት ነው። እትዬ ጥሩ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ከዋሉ ከርመው ጀርባቸው ቆስሎ ነበር። ቤታቸው ለእኔ ቤት ቅርብ ስለሆነ ከሥራ ስመለስ ቁስሉን እንዳጥብ ተነገረኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ፣ እግሬ አብጦ፣ ሆዴ ባዶውን እየጮኸ ስገባ አንድ ሽማግሌ ግቢው መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሳፋ ሙሉ አሸዋ ያጥባሉ። ውኃ ይጨምራሉ፣ ያማስላሉ፣ ድፍርሱን ይደፋሉ፣ ደግሞ ይጨምራሉ። የመጀመሪያ ሐሳቤ አንደኛው በሽተኛ አልጋ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ግቢው መሀል ነው የሚል ነበር።

«ጋሼ፣ አሸዋም ይታጠባል?» አልኳቸው።

«አንቺ እጅሽን ሳትታጠቢ የሰው ቁስል ትነኪያለሽ?» አሉኝ።

እጄን ታጥቤ ወደ ቤት ገባሁ።

ቤት ውስጥ እትዬ ጥሩ በመስኮቱ ሥር ተኝተዋል። ከራሳቸው በላይ፣ ከጣሪያው ማገር ላይ በሽቦ አንድ የዘይት ጣሳ ተንጠልጥሏል። ከጣሳው አፍ ቀጫጭን ሐረጎች ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ቅጠላቸው ቅጠል አይመስልም፣ ሽምብራ የሚያህል ውኃ የቋጠረ አረንጓዴ ፍሬ ነው፣ ተራ በተራ እንደተሰካ ዶቃ። እትዬ ጥሩ «መቁጠሪያዬ» ነበር የሚሏት። ቁራጯን ከብዙ ዓመት በፊት ጋላባት ገበያ ሻይ የምትሸጥ ሱዳናዊት ናት የሰጠቻቸው፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ድንበሩን በእግራቸው አሻግረው አመጧት። እርጥብ ጨርቁ ሊገድላት እንደነበር ጋሼ እንዳለው እስከመጨረሻው ያነሡባቸው ነበር። እትዬ ጥሩም «ገደልኳት እንዴ? ይኸው አለች» ይላሉ በዚያ በተሳሰረ አንደበታቸው።

እትዬ ጥሩ መጀመሪያ እንደወደቁ ሰሞን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እህል አልቀምስም ብለው ነበር አሉ። ጋሼ ቢለምኗቸው፣ ማሬ ብትለምናቸው እምቢ። አንድ ጠዋት ግን ከበረንዳው ላይ ስለተሰቀለችው መቁጠሪያ ጠየቁ፤ የት ደረሰች አሉ። ጋሼ እንዳለው ጣሳዋን ከበረንዳ አውርደው፣ መስኮቱ ብርሃን እንዲሰጣት አድርገው፣ ከአልጋው በላይ ሰቀሏት። ከዚያ በኋላ እትዬ ጥሩ ፊታቸውን መለሱ፣ መብላትም ጀመሩ። ቀኝ እጃቸው ደህና ነው። ማንም ሳይደግፋቸው፣ ማንም ሳያቀርብላቸው፣ ከተኙበት ያንን እጅ ዘርግተው የመጨረሻዋን ፍሬ መንካት ነበር የሚፈልጉት። ቀን የሚቆጥሩት በዚያ ነበር። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ሁለት ስንዝር ያህል ቀርቷት ነበር።

የጋሼ ዓይን ደግሞ ሞራ ለብሷል። ጥላና ብርሃን ይለያሉ እንጂ ያቺን ሐረግ አያዩዋትም። እሳቸው በጣታቸው ያጠጣሉ፣ በክንዳቸው ይመዝናሉ፤ እትዬ ጥሩ ከአልጋቸው ሆነው ዛሬ አንድ ፍሬ ጨመረች፣ ዛሬ ቁልቁል ዘለቀች እያሉ ይነግሯቸዋል። ሁለቱ ሆነው አንድ ሰው ይወጣቸው ነበር። ቁስሉን እያጠብኩ ይህን ስሰማ አንጀቴን ይበላኝ ነበር፤ ከዚያ ቤቴ ገብቼ ድክም ብሎኝ እተኛለሁ።

አፈሩን እንዴት እንደሚያዘጋጁት አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። እሳቸው ግን ያለመጠየቅ ይናገራሉ። ከወንዙ ዳር ሻካራውን አሸዋ በጆንያ ያመጣሉ፤ ደቃቁን አይወዱትም፣ እንደ ሲሚንቶ ይጋገራል ይላሉ። ያጥቡታል። የተሰበረ እንስራ ገል ለቅመው በመዶሻ ሽምብራ እስኪያክል ይከኩታል። ከከሰል ማዳበሪያ ሥር የሚቀረውን ፍርፋሪ ማሬ ታጠራቅምላቸዋለች። ዓመት የከረመ የፍየል ፍግ በወንፊት ይነፋሉ፤ ትኩሱ ያቃጥላታል። ሁለት ጣሳ አሸዋ፣ አንድ ጣሳ ገል፣ ግማሽ ጣሳ ከሰል፣ አንድ እፍኝ ፍግ፤ አፈሩ ራሱ ከግራር ሥር የተጠረገ አንድ ሁለት እፍኝ ነው፣ ለሽታ ያህል። የጣሳው ቂጥ በምስማር ሰባት ቦታ ተበስቷል። ሲያጠጡ ውኃው ከታች ወዲያው ካልወረደ ሁሉንም ገልብጠው እንደገና ይጀምራሉ።

የጉድጓዳችን ውኃ ጨዋማ ነው፤ አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ያንን በማንኪያ ጫፍ ይፍቁታል። ክረምት ሲመጣ የዝናብ ውኃ በበርሜል ያጠራቅሙና አንድ ቀን ሞልተው ያፈሱባታል፣ ጨዉ ታጥቦ እንዲወጣ፤ ከዚያ ሳምንታት ጠብታ አይሰጧትም። ጣታቸውን እስከ ሁለተኛው አንጓ ያስገባሉ፤ ጣታቸው ላይ እርጥብ ነገር ከተጣበቀ «ገና ናት» ብለው ይሄዳሉ። የሰፈሩ ሰው ይስቅባቸዋል። ለሰሊጥ የሚሆን አፈር እግሩ ሥር እያለ ወንዝ ወርዶ ድንጋይ የሚሸከም ሰው አይተን አናውቅም ይላሉ። እኔም ስቄያለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ዓይናቸውን ጎንደር ሄደው እንዲያስገፍፉ የጎተጎትኳቸው እኔ ነኝ። ስንት ወር ነዘነዝኳቸው። እሷን ለማን ጥዬ ይላሉ። እትዬ ጥሩን ማለታቸው መስሎኝ ማሬ አለች እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን እትዬ ጥሩንም ሐረጓንም ነው የሚሉት። በመጨረሻ እትዬ ጥሩ ራሳቸው «ይሂዱ እንጂ፣ አንቱ ደግሞ በዓይንዎ ይዩዋት» አሏቸው። ባላቸውን አንቱ ነበር የሚሉት። ከዚያ ወዲያ ጋሼ አልተከራከሩም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሲነሡ መቁጠሪያዋ ከእትዬ ጥሩ ጣት አንድ ስንዝር ርቃ ነበር። በር ላይ ቆመው፣ ሻንጣቸው ባጃጁ ውስጥ ሆኖ፣ እጄን ያዙኝ።

«ሲስተር፣ ጣትሽን አስገቢ። ደረቅ ከሆነ ትንሽ ስጫት፣ ካልሆነ ተያት። ሌላ ምንም አታድርጊላት» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት።

በዚያው ሰሞን የእረፍት ቀኔ ደርሶ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ጋሼ እንዳለው ያወራሁት ለጨዋታ ነው፤ አሸዋ እንደሚያጥቡ፣ ገል እንደሚከኩ፣ ሐረጓን እትዬ ጥሩ ምን ያህል እንደሚጠብቋት። አባቴ ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ፊቱ ጠቆረ። ሰው ታሞ፣ ዓይኑ ጠፍቶ፣ በዚህ ሁሉ ጥቁር አፈር መሀል ድንጋይ ለቅሞ ያበቅላል፣ እኛ ምን ጎረቤት ነን አለ። ተነሥቶ ወደ ማሳው ወረደ። ከማሳው ሁሉ ሰሊጡ የሚያምርበትን ጥግ ያውቃታል፤ እዚያ ቆፍሮ፣ ሥሩን ለቅሞ፣ በእጁ አድቅቆ ግማሽ ጆንያ ሞላልኝ። አባቴ በሕይወቱ ለባዳ ሰው ከዚያ መሬት ቁራጭ ሲሰጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ያንን ጆንያ ተሸክሜ ሌላ ምንም አታድርጊላት የሚለውን ቃል የት አባቴ ላስታውሰው?

ገንዳ ውሃ ተመልሼ ጣሳዋን አወረድኩ። ሐረጎቹ እንዳይጎዱ እያንዳንዳቸውን ነጠላዬ ላይ ዘረጋሁ፣ እንደ ሕፃን ፀጉር። የጋሼን አሸዋና ገል ግቢ ውስጥ ደፋሁት። ጥቁሩን አፈር ሞላሁ፣ በአውራ ጣቴ ጥብቅ አድርጌ ጠቀጠቅሁ፣ ይርጋላት ብዬ ደህና አድርጌ አጠጣኋት። እትዬ ጥሩ ከአልጋቸው ሆነው ሁሉን ያያሉ። የማን አፈር ነው አሉኝ። የአባቴ ነው አልኳቸው በኩራት። ጥቁሩን አፈር እያዩ «አባትሽን እግዚአብሔር ይስጥልኝ በይልኝ» አሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት አማረባት። ፍሬዎቿ ተነፉ፣ አበሩ። ጋሼ ሲያዩኝ ምን እንደምላቸው በልቤ አዘጋጅ ነበር። ከዚያ ሐምሌ ገባ፤ ዝናቡ አላቆም አለ፣ ቤቱ ውስጥ ሁሉ ነገር ረጠበ። የጋሼ ቀጠሮ ተላለፈ፣ ቀጥሎ መንገዱ ተዘጋ፣ ሁለት ሳምንት የተባለው ከወር በላይ ሆነ። ፍሬዎቿ እንደ ብርጭቆ ብርሃን ማሳለፍ ጀመሩ። ከዚያ መርገፍ ያዙ። እኔ ጠምቷት ነው ብዬ አጠጣሁ። ይበልጥ ረገፉ፤ እኔም ይበልጥ አጠጣሁ። በእትዬ ጥሩ ትራስ ላይ የረገፈውን ለስላሳ ፍሬ ጠዋት ጠዋት እለቅማለሁ። አንድ ቀን ጣሳው ሸተተኝ፤ ያንን ሽታ ከሥራዬ አውቀዋለሁ፣ የታፈነ ቁስል ሽታ ነው። ጣቴን ሳስገባ አፈሩ ጣቴን ያዘው።

እትዬ ጥሩ ያን ሁሉ ቀን ስለ ሐረጓ አንድ ቃል አልተናገሩም። ምግብ ግን መተው ጀምረው ነበር፤ ማሬ ሙቀቱ ነው ትላለች፣ እኔም ሙቀቱ ነው እላለሁ።

ጋሼ እንዳለው የተመለሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ቀጥ ብለው ወደ አልጋው ሄዱ፤ መነጽሩን አወለቁና የእትዬ ጥሩን ፊት ለረጅም ጊዜ አዩት። ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ እንጃ። አገጫቸውን ያዙና «አለሽ» አሏቸው። ከዚያ ቀና አሉ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ባዶ ሽቦ በሚመስሉ የደረቁ ሐረጎች ላይ ነው ዓይናቸው ያረፈው። በዓይናቸው ሊያዩዋት ነበር የሄዱት፤ ይኸው አዩዋት።

ጣሳዋን አወረዷት። አሁን እያዩ ሳለ እንኳ ልማዳቸው አልቀረም፤ በክንዳቸው መዘኗት፣ ከበደቻቸው። ቆንጥረው በጣታቸው እያሹ ደህናው ጆሯቸው ሥር አደረጉት። አፈሩ አልተንሿሿም።

«ዋልካ ነው» አሉ።

የአባቴ እንደሆነ፣ ከማሳው ምርጥ ጥግ እንደሆነ ተንተባተብኩ። ይቅርታ የሚለው ቃል አልወጣልኝም። ጋሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጣሳዋን ጭናቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ይቆጡኝ ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ እትዬ ጥሩ ዞረው ለምን አልነገርሻትም አሏቸው። እትዬ ጥሩ ዓይናቸውን ጨፍነው «አባቷ የላከውን… ምን ብዬ?» አሉ። ይሄው ነው። አንዲት ሴት የምትኖርለትን ነገር ሲበሰብስ ተኝታ አይታ፣ የሰው አባት እንዳይዋረድ ብላ ዝም አለች። እኔም ብሆን እንደዚሁ የማደርግ ይመስለኛል፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አባትሽ ያላቸውን ነው የሰጡኝ። ሐረጓ አልቻለችውም» አሉኝ። ከዚያ «ደከመኝ» አሉ፤ ደክሞኛል ሲሉ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጣሳዋን ጆንያ ላይ ገለበጡ። የበሰበሰውን ሥር እየለዩ ሲጥሉ ቆይተው ጣት የምታክል አንዲት ጤነኛ ቁራጭ አገኙ። ልተክላት ስል እጄን መቱኝ። ቁራጭዋን ጥላ ውስጥ ወረቀት ላይ አስተኝተው የተቆረጠችበት ቦታ እስኪደርቅ ድረስ ብዙ ቀን ተዉዋት። ቁስል ሳይደርቅ አፈር አይቅመስ አሉኝ፤ ነርስነቴን እኔው ላይ ሲያዞሩት አፈርኩ። እስከዚያው አሸዋውን እኔ አጠብኩ። ከሥራ መልስ፣ እንዲያ ደክሞኝ፣ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ አጠብኩ። ገሉንም ከከኩት አንዷ እኔ ነኝ። የአባቴን አፈር አልጣሉትም፤ በር ላይ ሽንኩርት ዘሩበት፣ አምሮ በቀለ፣ ለአባቴም ላኩለት።

ቁራጭዋ ሥር ያዘች። ግን እንዲህ ያለች ተክል ተለመነች ተብሎ አትሮጥም፤ በወር አንድ ሁለት ፍሬ ብትጨምር ነው። እትዬ ጥሩ ደግሞ ጊዜ አልነበራቸውም። ጥቅምት ላይ ያ ግራ ጎናቸውን የጣለው በሽታ ለሁለተኛ ጊዜ መታቸው። ንግግራቸው ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ ሐኪሙ ዓይናቸውም ደክሞ ይሆናል አለ። ቁስሉ እንደገና ተከፈተ። እኔ የሚመጣውን አውቄዋለሁ፤ ጋሼም አውቀዋል መሰለኝ።

አንድ ቀን ስገባ ጋሼ በርጩማ ላይ ቆመው ማገሩ ላይ ሽቦ ይቀጥላሉ። ከኋላ መጥቼ አየኋቸው፤ ጣሳዋን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አደረጓት። ወርደው በደስታ ድምፅ «ጥሩዬ፣ ዛሬ እኮ ወረደች፤ የመስኮቱን እንጨት አለፈች» አሏቸው። ከዚያ ወደ በረንዳ ጎትተው አወጡኝ። በጆሮዬ እሷ አታይም፣ ጥላዋን ብቻ ነው የምታይ፣ እንዳትነግሪያት አሉኝ። ዓይናቸው ዕንባ ሞልቶ ነበር፤ ገና አዲስ የተገፈፈ ዓይን። ምን ልበል? እኔም በየቀኑ ቁስሉን እያጠብኩ ዛሬ ደግሞ ረዘመች እትዬ፣ ሐረጓ ጎረመሰች እላቸው ጀመር። ሐረግ ብሎ ነገር አልነበረም፤ ከጣሳው አፍ ጣት የምታክል ቡቃያ ነው ብቅ ያለችው። ጋሼ ሽቦውን በየሦስት በየአራት ቀኑ ያስረዝማሉ። ጣሳው ራሱ መስኮቱን ዘጋው።

ኅዳር ላይ ደረሰች። ጋሼ ጠሩኝ፤ እኔና ማሬ ቆመን እያየን እትዬ ጥሩ ቀኝ እጃቸውን አነሡ። ለማንሣት ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ማንም አልደገፋቸውም። የጣታቸው ጫፍ የመጨረሻዋን ፍሬ ነካች፣ ጣሳው ትንሽ ተወዛወዘ። «ደረሰች» አሉ፤ ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣላቸው። ጋሼ እንዳለው ፊታቸውን አዙረው እያለቀሱ በረንዳ ወጡ። ማሬም ተከትላቸው ወጣች።

እኔ ቁስሉን ላጥብ ቀረሁ። እትዬ ጥሩን ወደ ጎን ሳዞራቸው በደህና እጃቸው ጋዋኔን ያዙኝ። ጎንበስ አልኩ። ቃል በቃል እየለቀሙ፣ እየተነፈሱ ነው የተናገሩት።

«ሽቦውን ነው… ያስረዘሙት። አያለሁ እኮ» አሉኝ። ትንሽ አርፈው፣ «ደስ ብሏቸዋል፣ አየሻቸው? እንዳትነግሪያቸው።»

አልነግራቸውም አልኩ። እትዬ ጥሩ በዚያው ሳምንት መጨረሻ አረፉ።

ከአርባው በኋላ ልሰናበት ሄድኩ፤ ወደ ሽንፋ ተዛውሬ ነበር። ጋሼ በረንዳው ላይ ጣሳዋን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነጩን ቅርፊት በማንኪያ ይፍቃሉ። አልጋው ተነሥቷል። ብዙ አላወራንም። ስነሣ ቀና አሉ፤ ዓይናቸው ጠርቶ ነበር፣ በደንብ ያዩኛል። «አንድ ነገር ነው የሚያጽናናኝ ሲስተር» አሉኝ። «ሳታውቅ ነው የሄደች። የደረሰች መስሏት ነው የሄደች።»

አፌ ላይ መጣ። ልነግራቸው ነበር፤ አውቀው ነው፣ ለእርስዎ ብለው ነው እጃቸውን ያነሡት ልል ነበር። ግን ቃል ገብቻለሁ፤ ደግሞም የቱ ይበልጥ እንደሚያጽናናቸው አላወቅሁም፣ እስከ ዛሬም አላውቅም። ሌላ ጊዜ፣ ሐዘኑ ሲበርድላቸው፣ አንድ ቀን ስመጣ እነግራቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

«አዎ ጋሼ፣ አላወቁም» አልኳቸው።